ልጆችን በኮምፒዩተር እንግሊዝኛ ስለ ማስተማር

በዚህ የቤተሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ የሚጠቅመውን ምክር ለአንባቢዎቻችን ስናቀርብ መቈየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙ አባቶችና እናቶች በየጊዜው የሚጠይቁንን አንድ ጉዳይ አንሥተን እንነጋገራለን። ይኸውም፥ «ልጄ የእንግሊዝኛን ቋንቋ በኮምፒዩተርና በስልክ ቢማር ይጠቅመዋልን? ወይስ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋበታልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል የልጁ የወደፊት ኑሮ፥ በሌላ በኩል ደግሞ ከገዛ ወገኖቹ ጋራ ያለው መግባባት አለበት።

ባለፈው ዓመት በአዲስ አበባ ከተማ ከአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ተገኝተን ነበር። ወዳጃችን በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፥ ትምህርትን እጅግ የሚወዱ ሰው ናቸው። የ8 ዓመት ልጃቸውን ጠርተው «እስቲ የተማርኸውን ለእንግዶቹ አሳያቸው» ባሉት ጊዜ ልጁ ታብሌት የተባለውን የእጅ ኮምፒዩተር ከፍቶ በእንግሊዝኛ እስከ 100 ድረስ ቈጠረ፤ የእንስሳትንና የፍራፍሬዎችንም ስም ባማረ አነጋገር ጠራ። እኛም በእውነት ደስ አለን። ወዲያው ግን ከጥጉ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት ሴት አያቱ፥ «የኔ ጌታ፥ እኔስ ስንት ዓመቴ እንደ ሆነ ታውቃለህ? ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉት። ልጁም ወደ አባቱ ዞሮ፥ «አባባ፥ ሰባ ስምንት ማለት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ቊጥሩን በእንግሊዝኛ ሲነግሩት ገባውና ራሱን ነቀነቀ። በቤቱ የነበርነው ሁሉ ሣቅን። አያቲቱ ግን አልሣቁም፤ እንዝርታቸውን አንሥተው ዝም ብለው መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ይህ ነገር ከልባችን አልወጣም። መሣሪያው ልጁን ክፉ ነገር አላስተማረውም፤ አባቱም በጎ አሰቡ እንጂ አልበደሉም። ይሁን እንጂ በመካከሉ አንድ የጐደለ ነገር አለ። የጐደለው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ያሻል።

እንግሊዝኛ ለልጆቻችን የሚያስፈልግ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 በተከፈተ ዘመን ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ የላቀ ስፍራ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ስፍራውን እንግሊዝኛ ያዘው። ዛሬም ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ሒሳቡም፥ ፊዚክሱም፥ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የደከመ ልጅ የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀበሉት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ስለ ሆነ ሁሉንም በቋንቋ ላይ ብንጭነው ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። ዳሩ ግን የጥያቄው ንባብ ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቀውም እንኳ ሊጽፈው እንደማይችል የተረጋገጠ ነው።

ይህንን ድካም በመሣሪያ ለማቃለል በአገራችን ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ የተደረገውን ነገር ብናስታውስ ብዙ ትምህርት እናገኝበታለን።

የመጀመሪያው ፕላዝማ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተተክለው፥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ ይታይ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር፤ በገጠር ያለውም ልጅ በከተማ ያለውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነውና። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መምህር ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ይሄዳል እንጂ አይጠብቅም። ተማሪው አንዱን ቃል ሳይዘው ሌላው ይደርስበታል። «ለመመለስ ይህን ያህል ደቂቃ አላችሁ» ይልና፥ ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። በክፍሉ የቆመው መምህርም ሊያስቆመው ሥልጣን ስለሌለው ከተማሪዎቹ ጋራ አብሮ ይመለከታል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነም የዚያ ቀን ትምህርት በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። በ2004 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር በሚል ዓላማ የቆመው የአሜሪካ ድርጅት፥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት የገጠር መንደሮች ለ40 ያህል ልጆች ታብሌት ሰጠ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልገቡ፥ የተጻፈ ነገርም ያላዩ ነበሩ። መሣሪያዎቹ በታሸገ ካርቶን እንዳሉ ያለ አስተማሪ ተተዉላቸው፤ በውስጣቸውም የእንግሊዝኛ ፊደል፥ መዝሙር፥ ጨዋታና ተረት ተጭኖባቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ የመሣሪያውን መክፈቻ አገኘ፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 በሚያህሉ ፕሮግራሞች ይጠቀም ጀመር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘምሩ ነበር። አንድ ልጅ ደግሞ የሥዕል መሥሪያውን ከፍቶ፥ ማንም ሳያዘው የአንበሳን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ።

ይህንን የሰሙ ብዙ ሰዎች «እንግዲያውስ መምህር አያስፈልግም» አሉ። እኛ ግን ሁለት ነገር እናስተውላለን። በመጀመሪያ፥ ልጆቹ ፈጽመው ብቻቸውን አልነበሩም፤ አዋቂዎቹ መሣሪያውን በፀሐይ ኃይል መሙላት ተምረው ነበር፤ በየሳምንቱም ባለሙያ እየሄደ ልጆቹ የሠሩትን የያዘውን ማኅደር ይለውጥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ልጆቹ በአንድነት ተሰብስበው አንዱ ለሌላው ያገኘውን ያሳየው ነበር። ሁለተኛ፥ የፊደልን መዝሙር መዘመርና አንድ ገጽ አንብቦ ማስተዋል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሆነ ሆኖ የወንጪው ታብሌት ከፕላዝማው የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይኸኛው ልጁን ይጠብቀዋል። ልጁ መቶ ጊዜ ቢነካው መቶ ጊዜ ይመልስለታል፤ አይቸኩልም፥ አይቈጣም፥ አይሰለችም።

ይህ አሳብ በራሱ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባሉ መሐንዲስ ፕላቶ ብለው የሰየሙትን በኮምፒዩተር የማስተማር ሥራ ሲጀምሩ፥ ዋናው ምክንያት ተማሪው እንደ ራሱ ፍጥነት እንዲሄድና ስሕተቱ ወዲያው እንዲነገረው ማድረግ ነበር።

ለቋንቋ ትምህርት ይህ ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንስጥ። በእንግሊዝኛ የመርከብና የበግ ስም በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለቱም «ሺፕ» ነው። እንግሊዞች ግን የመርከቡን ያሳጥሩታል፤ የበጉን ያስረዝሙታል። ጆሯችን ይህን ልዩነት ከልጅነቱ ስላልለመደው፥ ብዙዎቻችን ለዓመታት ከተማርን በኋላ እንኳ በመርከብ ሄድሁ ስንል በበግ ሄድሁ እያልን ሰውን እናሥቃለን። የውጭ አገር ሰው ደግሞ በእኛ ቋንቋ «አለ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ፥ ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፥ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት መሆኑን መለየት ይቸግረዋል። እኛ ይህን ያወቅነው በመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናታችን አፍ እልፍ ጊዜ ሰምተን ነው። እንግሊዝኛንም እንዲሁ እልፍ ጊዜ የሚያሰማን ቢገኝ ጆሯችን ይለምድ ነበር። 60 ተማሪ የያዘ መምህር ግን ለአንዱ ልጅ አንዱን ቃል 30 ጊዜ ሊደግምለት አይችልም። ኮምፒዩተር ይችላል። ቃሉን ቀስ አድርጎ ያሰማዋል፤ የልጁንም ድምፅ ቀድቶ መልሶ ያሰማውና ሁለቱን እንዲያስተያይ ያደርገዋል።

ዳግመኛም ሰው የተማረውን ቶሎ የሚረሳ ፍጥረት ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ባሳተሙት ጥናት፥ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት ራሳቸው እያጠኑ ሲመረምሩ፥ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እጅግ ፈጣን መሆኑን፥ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመድገምም ቀን እያለያዩ መድገም እንደሚበልጥ አስረዱ። ዛሬ ያሉት መልካም የቋንቋ ፕሮግራሞች በዚህ አሳብ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ልጁ ሊረሳው የቀረበውን ቃል በተወሰነ ቀን መልሰው ያቀርቡለታል።

ሌላው ጥቅም ኀፍረትን ማስወገዱ ነው፤ ይህም ለልጆች ብቻ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ከውጭ እንግዶች ጋራ በጉባኤ ተቀምጠው፥ አሳቡ በልባቸው ሞልቶ ሳለ «የተሳሳትሁ እንደ ሆነ የበታቾቼ ይሥቁብኛል» በማለት ዝም የሚሉ ሹማምንት እንዳሉ እናውቃለን። እንደነዚህ ላሉት ሰዎች ሌሊት በቤታቸው ለብቻቸው ተሳስተው የሚታረሙበት፥ ማንም የማይታዘባቸው መሣሪያ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ጥቅሙን ይህን ያህል ካመሰገንን ጉዳቱንም መናገር ይገባናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም፥ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍለት መልስ የሚጽፍ ፕሮግራም አወጡ። ስሙንም ኤላይዛ አሉት። ይህችም በጆርጅ በርናርድ ሾው ቴያትር ውስጥ ያለች አበባ ሻጭ ናት፤ አንድ ፕሮፌሰር የከበርቴዎችን እንግሊዝኛ አስተምሮ እንደ ወይዘሮ ያናግራታል። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈውን ቃል እየገለበጠ መልሶ ከመጠየቅ በቀር የሚያስተውለው አንዳች ነገር አልነበረም። ሆኖም የዋይዘንባውም ጸሓፊ ለጥቂት ጊዜ ከተጻጻፈችው በኋላ፥ ከእርሱ ጋራ ብቻዋን እንድትነጋገር ክፍሉን ለቀው እንዲወጡላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም በዚህ ነገር ደንግጠው፥ ሰው መሣሪያን እንደ ሰው እንዳያይ የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ በ1976 አሳተሙ።

በ2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ የተባለው ከወጣ ወዲህ ያሉት መሣሪያዎች ከኤላይዛ እጅግ የሚራቀቁ ናቸው፤ ደብዳቤም ይጽፋሉ፥ ስሕተትም ያርማሉ፥ የፈለጉትን ያህልም ያጫውታሉ። አደጋውም የዚያኑ ያህል በርትቷል። ልጁ «ስለ ክረምት በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፍ» ሲባል መሣሪያውን አዝዞ ያጽፍና ያቀርባል፤ መምህሩ ጽሑፉን ያመሰግናሉ፥ አባት ደስ ይላቸዋል፤ ልጁ ግን አንድ ቃል አልተማረም። እህልን ሌላ ሰው ቢያላምጥለት ማን ይጠግባል?

በቀድሞው የቆሎ ተማሪ ቤት የነበረውን ሥርዓት የምታውቁ አንባቢዎቻችን ነገሩን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የኔታ ለሁሉም ተማሪ በየሰዓቱ ሊደርሱ ስለማይችሉ፥ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለው ነበር። አስቀጻዩ ቃሉን ይላል፥ ታናሹ ይከተላል፤ እስኪጸናለት ድረስ ይደጋግማሉ። በመጨረሻ ግን ተማሪው ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይሰማል። ትርጕሙን የሚነግሩት፥ ጠባዩን የሚያርሙት፥ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው የሚያሻግሩት የኔታ ናቸው። እንግዲህ ኮምፒዩተር የማይደክም አስቀጻይ ነው፤ የኔታ ግን አይደለም። ፕላዝማው የተነቀፈው አስቀጻይ መሆን ሲገባው የኔታን ከወንበራቸው ስላስነሣ ነው። በወዳጃችንም ቤት የጐደለው ይህ ነው፤ ልጁ አስቀጻይ አግኝቷል፥ የቀጸለውን ቀርቦ የሚያሰማው ሰው ግን አላገኘም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች በቤታቸው ሊፈጽሙት የሚችሉትን ጥቂት ምክር ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ፤ ጊዜውን አሳጥሩት፥ ነገር ግን አታቋርጡት። በየቀኑ 20 ደቂቃ መማር፥ ቅዳሜ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ ይበልጣል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

2ኛ፤ ልጁ የሚመለከተውን ብቻ ሳይሆን የሚመልስበትን ፕሮግራም ምረጡለት። ሥዕል እያየ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ሁሉ ትምህርት አይደለም። መልካሙ ፕሮግራም ይጠይቃል፥ ይጠብቃል፥ የተሳሳተበትንም ለይቶ ያሳያል። አንዳንዶቹን አንድ ጊዜ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ስለሚቻልም ወጪው አያስፈራም።

3ኛ፤ ጽሑፍ ሲሆን፥ ልጁ አስቀድሞ በገዛ እጁ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ለመሣሪያው አሳይቶ ያሳርመው፤ ለምን እንደ ታረመም ይጠይቀው። የታረመውንም እንደ ገና በእጁ ይገልብጠው። መሣሪያው በፊት ቢጽፍለት ያሰንፈዋል፤ በኋላ ቢያርመው ግን ያስተምረዋል።

4ኛ፤ ልጁ ሙሉ ስሙን፥ የሚኖርበትን ቤትና ፎቶግራፉን ለማያውቀው ፕሮግራም እንዳይሰጥ ከልክሉት። መሣሪያውም ሁሉ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ይሁን እንጂ ወደ መኝታ ቤት አይግባ።

5ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ በየቀኑ ለአንድ ሰው የተማረውን በአማርኛ፥ ወይም የቤታችሁ ቋንቋ ሌላ እንደ ሆነ በዚያ ቋንቋ ይንገር። ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። «ዛሬ ምን አለህ? ይህስ በእኛ አገር ምን ይባላል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ይበቃል። ልጁ ቃሉን ወደ እናቱ ቋንቋ ሲመልሰው ትርጕሙ የገባውና ያልገባው ይለያል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውም በእንግሊዝኛው አይሸፈንበትም። ሁለት ቤት ያለው ሰው አንደኛውን ሲያሠራ ሌላውን አያፈርስም።

ይህንኑ ምክር ለዚያ ወዳጃችን ጽፈንላቸው ነበር። እርሳቸውም ነገሩን በቀና ልብ ተቀብለው፥ ልጁ በየማታው ከራት በፊት የተማረውን ለአያቱ እንዲነግር አደረጉ። በመጀመሪያው ወር ልጁ እየተሰላቸ፥ አያቲቱም እያንቀላፉ ብዙ ተቸግረው እንደ ነበር አልሸሸጉንም። በኋላ ግን አያቲቱ ዘዴ አገኙ፤ ልጁ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በነገራቸው ቍጥር እርሳቸው አንድ እንቆቅልሽ ይከፍሉታል። ልጁም እንቆቅልሹን ስለ ወደደው ቃሉን እያጠና መምጣት ጀመረ።

በዚህ ሰሞን ወደዚያ ቤት ደግመን ሄደን ነበር። ልጁ ታብሌቱን አላመጣም፤ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ልቃቂት ይጠቀልልላቸው ነበር። እኛም አያቲቱን «ስንት ዓመትዎ ሆነ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ እርሳቸው ሳይመልሱ ልጁ ቀደመና፥ ጥቂት በጣቱ ቈጥሮ «እማማማ ሰባ ዘጠኝ ሞላቸው» አለን። አያቲቱም «ስማ፥ ለእንግዶቹ ደግሞ በእንግሊዙ ንገራቸው» አሉት፤ ነገረንም። በዚህ ጊዜ እርሳቸውም ሣቁ።

አንባቢዎቻችንም እንዲሁ በየቤታችሁ መሣሪያውን በስፍራው፥ ሰውንም በስፍራው አኑራችሁ ልጆቻችሁን እንድታስተምሩ አደራ እንላለን።